ጆሮዬን የደፈንኩ ቀን

«ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አልኩ። ለአርባ ሦስተኛ ጊዜ። የምሬን ነው፣ ከእሑድ ጀምሮ ቆጥሬያለሁ።

«ሁለት» አለች ሚስስ ራምስደን። ከዚያ ክፍሉ መሃል ያለውን የአያቴን የሬሳ ሳጥን አየት አደረገችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ሦስት አድርጊልኝ በቃ። እንዲህ ባለ ቀን ማን ይቆጥራል።»

እኔ እቆጥራለኋ! ገና ማክሰኞ ነው። ቀብሩ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ መጋረጃ አይገለጥም፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ በጠራራ ቀን መብራት አብርተን ነው የምንቀመጠው። የመንገዱ ሰው ሁሉ የራሱን መጋረጃ ዘግቶ እኛ ቤት ይመጣል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሳጥኑ አጠገብ ትንሽ ይቆማል፣ «ተኝቶ ነው የሚመስለው» ይላል፣ ከዚያ ሻይ። ሻይ፣ ሻይ፣ ሻይ! እግሬ ከጉልበቴ በታች የኔ አይመስለኝም። ደሞ በየመሃሉ እረሳና «ይሄንንማ ለአያቴ ልንገረው፣ በሳቅ ይሞታል» እላለሁ። በቃ፣ እንደዚህ ብዬ አስባለሁ፣ እሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ተኝቶ።

አያቴ አምብሮዝ ቲሎትሰን ነው። ደራሲው። አሥራ አንድ ልብወለድ፣ ስድስት ተውኔት። ሰባት፣ አዲሱን ከቆጠርነው። እኛ ከተማ ውስጥ ከሱ ጋር ያልተኳረፈ ሰው የለም፣ ምክንያቱም መጽሐፎቹ ውስጥ ያልገባ ሰው የለም። ሚስስ ራምስደን ራሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላናገረችውም። ዘጠኝ ዓመት! ቤቷ እኮ ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሁን ግን ትልቅ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች።

«ታውቂያለሽ አይደል ለምን እንዳኮረፍኩት?» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ። ማን የማያውቅ አለ?

«እናቴን ሦስተኛው መጽሐፉ ላይ አገኘኋት! ስሟን ቢቀይረውስ? ያ ሳቋ፣ ያ ጫማዋን ደጅ አውልቃ በካልሲ መግባቷ... እሷው ናት። ደሞ አገጯን ድርብ አደረገባት!»

«ድርብ አልነበረም እንዴ?» አለች እማማ ከወንበሯ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ሴት አያቴ እማማ ማርጀሪ ከእሑድ ጀምራ ከሳጥኑ አጠገብ ካለው ወንበር አልተነሣችም ማለት ይቻላል።

ሚስስ ራምስደን ሥጋውን ጭኗ ላይ አስደገፈች። ሻይዋን አማሰለች። ከዚያ «ሦስት ነበር» አለች። «እሱስ ቀንሶላታል።» ከዚያ እንዲያው ዝም ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ ሥጋውን እንዳቀፈች። እኔ ሻዩን ተቀበልኳት። ምን ላድርግ ታዲያ?

የዚያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ክራብትሪ ነው። ሚስተር ክራብትሪ ቀን ቀን ፖስታ ቤት ቴምብር ይለጥፋል፣ ማታ ማታ የከተማችን የትያትር ቡድን አዘጋጅ ነው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ሳጥኑ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ክርኔን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጎተተኝ።

«ተገኘች?» አለ በሹክሹክታ።

«አልተገኘችም።»

«መሳቢያው?»

«አየነው።»

«የብስኩት ቆርቆሮውስ?»

«ሚስተር ክራብትሪ፣ ብስኩት ብቻ ነው ያለው።»

«አንድ ብስኩት ካለ እስቲ...» አለና ግንባሩን በባርኔጣው ጠረገ። «ዊኒ፣ ቅዳሜ እኮ ነው! ወንበር ሁሉ ተይዟል። ከዊትቢ ከተማ ሳይቀር ሰው ይመጣል። የመጨረሻ መስመር የሌለው ተውኔት ይዤ ልወጣ ነው?»

እኔ እኮ የማውቀው ነገር አለ። ከእሑድ ጀምሮ ማንም የማያውቀው፣ ሻይ በቀዳሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ነገር። ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄንን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ምን ያህል ጉድ እንደሠራሁ አይገባችሁም።

እኛ ጋ የተውኔት የመጨረሻዋ መስመር በልምምድ ላይ አትነገርም። ተመልካች አዳራሹ ውስጥ ሳይቀመጥ የተናገራት ሰው ትያትሩ ላይ መዓት ይጠራል ይባላል። ሌሎች ቡድኖች እዚያ ሲደርሱ «ታ ታ ታ» ብለው ያልፏታል፣ ወይ ስለ አየሩ አንድ ነገር ይላሉ። አያቴ ግን ከሁሉም ባሰ። እሱ ጭራሽ አይጽፋትም! ሙሉውን ይጽፋል፣ እማማ በታይፕ ትመታዋለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ባዶ ይቀራል። ለመጀመሪያው ቀን መጋረጃ ሊከፈት ሲል፣ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ ከመድረኩ ኋላ ይመጣና ከውስጥ ኪሱ ፖስታ አውጥቶ ለተዋናዩ ይሰጠዋል። በስድስቱም ተውኔት እንዲሁ ነው ያደረገው። ለንደን ሳይቀር! ከጦርነቱ በፊት ለንደን ውስጥ ሁለት ዓመት የታየውን ትያትሩን ልትጨርስ የነበረችው ትልቋ ተዋናይ ፖስታውን ስትቀበል እጇ ከመንቀጥቀጧ የተነሣ ወረቀቱን ከመሃል ቀደደችው ይባላል። ሁለቱን ግማሽ ገጥማ አንብባ ወጣች።

አሁን ሰባተኛውን የመጨረሻ መስመር የምናገረው እኔ ነኝ። እኔ! ተውኔቱ «የባሕሩ በር» ይባላል። አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ባሕር ወጥቶ የቀረ ባሏን ሃያ ዓመት ትጠብቃለች። በመጨረሻ ይሰለቻታል፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እህቷ ከተማ ትሄዳለች። ልጇ ኔል ብቻዋን ወጥ ቤት ውስጥ ትቀራለች። ኔል እኔ ነኝ። ከዚያ በባሕሩ በኩል ያለው በር ይንኳኳል። ሃያ ዓመት ማንም ያላንኳኳው በር። ኔል ወደ በሩ ዞራ እንዲህ ትላለች፤ ባዶ። መጋረጃ።

በቃ። ይኸው ነው። አያቴ ያቺን ባዶ ቦታ ሳይሞላ እሑድ ጧት ከእንቅልፉ አልነቃም።

ሰው ሁሉ ፖስታ ይፈልጋል። ፖስታ የለም። ፖስታ እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሦስት እሑድ ቀደም ብሎ ነበር። እማማ ጸሎት ቤት ሄዳለች። አያቴ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያስላል። ያ ሳል አንድ ወር ሆኖታል። እኔ ሳህን እያጠብኩ የኔልን ቃል እለማመዳለሁ፣ እየጮህኩ፣ እየተወዛወዝኩ።

«ዊኒ፣ ነይ እስቲ ተቀመጪ» አለኝ። «የመጨረሻዋን መስመር ልንገርሽ።»

«ምን?!» ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ! «አይሆንም!»

«ዝም ብለሽ ስሚ። አጭር ናት። እጄ ደክሞታል፣ ልጽፋት አልቻልኩም።»

«አያቴ፣ አብደሃል እንዴ? ገና ሦስት ሳምንት አለ! ትያትሩን ልትገድለው ነው?»

«እሱን እንኳ አልገድለውም» አለና ፈገግ አለ። «ምናልባት በዚያ ቀን ካልተመቸኝ ብዬ ነው።»

«ይመችሃል! አትናገር! አልሰማም! አልሰማም!»

ሁለት ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ጠቅጥቄ የእሑድን መዝሙር በኃይል መጮህ ጀመርኩ። ጠረጴዛውን እየዞርኩ! እየዘለልኩ! አያቴ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አጭር ነበር። አፉ አንዴ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ትንሽ ተከፈተ። እኔ እየዘመርኩ ነው። ከዚያ ተነሣ፣ ምድጃው ጠርዝ ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ በሁለት ጣቱ ወደ እሳቱ መሃል ገፋ አደረገው፣ «በቃ፣ ነገርኩሽ» እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ።

አሸነፍኩት ብዬ እኮ ነበር! ቀኑን ሙሉ ስኩራራ ዋልኩ።

*

ረቡዕ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ትንሽ ጭር አለ። ሰው ለመብላት ወደየቤቱ ሄደ። እማማ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ፊቷ ግራጫ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ መዝገበ ቃላቱን ቅጠል በቅጠል እያራገፈች ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ጋደም በዪ እንጂ።»

«ጋደም እላለሁ። ይህቺን ብቻ።» መዝገበ ቃላቱን ዘጋችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ዊኒ። ያንን የዶሮ ጭረት የመሰለ ጽሑፉን ከኔ ሌላ የሚያነበው አልነበረም። መጀመሪያ ያመጣልኝን አልነገርኩሽም?»

ሺህ ጊዜ ነግራኛለች። ግን «አልነገርሽኝም» አልኩ።

«የዓሣ መጋዘኑ ቢሮ ታይፕ መቺ ነበርኩ። እሱ በርሜል ቆጣሪ። ጭስ ጭስ ይሸታል፣ እጁ ላይ ቅርፊት ተለጥፎበታል። አንድ ቀን መጣና በርሜል ላይ ከሚለጠፈው ምልክት አንድ መቶ የሚሆን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። ጀርባ ጀርባቸው ላይ ልብወለድ ጽፎበታል! ‹ይሄንን ብትመቺልኝ› አለኝ። ‹ቁጥር አለው እንዴ? የቱ ነው የሚቀድመው?› ስለው ‹እሱን አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው› አይለኝም!»

«ታዲያ ለምን መታሽለት?»

«መጨረሻው አልነበረማ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ። እንዲያ ሲያጓጓኝ ይኸው አረጀሁ።» ሳቅ ሊመጣላት ነበር፣ ግን ደከማትና ተወችው። «ለንደን ስምንት ወር ተቀመጥን፣ ሰው በመንገድ ባርኔጣ ያነሣለት ነበር። እሱ ግን ‹ማርጀሪ፣ እዚህ የሚሰድበኝ ሰው የለም፣ ምን ልጻፍ?› ብሎ ይዞኝ ተመለሰ።»

ከዚያ በድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሱፉ!» አለች።

«ምን ሱፍ?»

«የለበሰው ሱፍ! የመጀመሪያ ቀን ሱፉ ነው። ፖስታውን ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። ቀብር አስፈጻሚው ሲያለብሰው ኪሱን አይቷል?»

ወይኔ አምላኬ! ሁለታችንም ሳጥኑ ላይ ቆምን። አያቴ ፀጉሩ ወደ ተሳሳተው ጎን ተበጥሯል። እማማ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

«እምቢ አለኝ። አንቺ እጅሽን አስገቢ» አለች።

«እኔ?!»

«ቀስ ብለሽ። እንዳትቀሰቅሺው...» አለችና የተናገረችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። አፏን በእጇ ያዘች።

መናገር ነበረብኝ! እዚያው ላይ! «እማማ፣ ፖስታ የለም» ማለት ነበረብኝ። ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ፣ ከእሑድ ወዲህ ያላየሁት ነገር፣ እና አልቻልኩም። እጄን ከሱፉ ውስጥ አስገባሁ። ይቀዘቅዛል። ደረቱ ጠንካራ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ። ጣቴ ወረቀት ነካ። የታጠፈ ወረቀት!

ምናልባት ጻፈው እንዴ? ጆሮዬን ስለደፈንኩበት ጻፈው?

እማማ ወረቀቱን ነጠቀችኝ፣ ወደ መብራቱ ሮጠች። አነበበች። ረጅም ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጮክ ብላ፣ በደከመ ድምፅ፤

«ሚንት ከረሜላ። ቀለም። የማርጀሪ መነጽር።»

ወረቀቱን አጠፈችው።

«መነጽሬን አላመጣልኝም» አለች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ነግሮኝ ነበር» አልኩ።

አየችኝ።

«ለኔ ሊነግረኝ ነበር። ነግሮኛልም። ወጥ ቤት። አንቺ ጸሎት ቤት ነበርሽ። እኔ ግን መጥፎ ዕድል ነው ብዬ ጆሮዬን... እንዲህ አድርጌ... ደሞ እየዘመርኩ ነበር፣ እየዘለልኩ፣ እማማ፣ የምሬን ነው እየዘለልኩ ነበር! እሱ ተናገራት። ከንፈሩን አየሁት። ምንም አልሰማሁም።»

በቃ፣ ወጣ። ንፍጤም ወጣ፣ እንባዬም ወጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ለኔ አንዲትም ጊዜ ቀድሞ ነግሮኝ አያውቅም» አለች። «ላንቺ ነገረሽ። አንቺ ደሞ ጆሮሽን ደፈንሽ።»

«አዎ።»

«እየዘለልሽ።»

«አዎ።»

«የትኛውን መዝሙር?»

«ስለ ማዕበል የሚለውን።»

«በዚያ ድምፅሽ?» ዓይኗን ጨፈነች። «ምስኪን አምብሮዝ።» ከዚያ ደሞ፣ «ከተናገረ በኋላ ምን አደረገ?»

«ማንቆርቆሪያውን ወደ እሳቱ ገፋ።»

«ከዚያስ?»

«ራሱን ነቀነቀልኝ። ምን ማለት ይመስልሻል? ማንቆርቆሪያው ማለት፣ ምናልባት ኔል ለሚመጣው ሰው...»

«ሻይ አምሮት ይሆናል» አለች እማማ።

ሁለታችንም ሳቅን። ሳጥኑ አጠገብ! አስቡት! በጣም ደክሞን ስለነበር ሳቁ ራሱ እንደ ማዛጋት ነው የወጣው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ለኔ ለምን እንዳልነገረኝ ታውቂያለሽ? ስለምፈራት ነው» አለችኝ። «መስመር የጠፋበትን ተዋናይ ሹክ ልል መጽሐፉን ይዤ ጥግ እቀመጥ የለ? የመጨረሻዋ መስመር ስትነገር ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ አላጨበጭብም። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ አያትሽ ይጠፋል። ሥራ ላይ ሳለ ያፏጫል፣ ይጨቃጨቃል፣ ደረጃ ላይ ይስመኛል። መስመሯ ከተነገረች ግን ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንድ ሳምንት። አንዳንዴ ሁለት። አይበላም፣ አይናገርም። እኔ ሾርባ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ አንድ ጧት ተነሥቶ ‹ዓሣ የለም እንዴ?› ይላል፣ እኔም ተመልሶ መጣ እላለሁ።»

ወደ ሳጥኑ አየች።

«አሁን መስመሯ ሳትነገር ቀድሞ ተኛ» አለች።

*

ሐሙስ ዘነበ። እናቴ ከሊድስ ከተማ መጣች። ከምትሠራበት ሆስፒታል አንድ ቀን ብቻ ነው የፈቀዱላት። ቀበርነው። ስለ ቀብሩ ምንም ማለት አልፈልግም። ጫማዬ ውኃ አስገባ፣ ይኸው ነው።

ከቀብር መልስ ቤቱ ጢም አለ። የሚስስ ራምስደን ሥጋ ተቆረጠ፣ ሳንድዊች ዞረ፣ ወይን የሚጠጣው ጠጣ። መጋረጃው ተገለጠ፣ ሰው ሁሉ እንደ ሌሊት ወፍ ዓይኑን አጨናበሰ። ሰዉ ሁሉ ድምፁ ከፍ አለ፣ አያቴ የትኛው መጽሐፍ ላይ ማንን እንደሳለ እየተከራከሩ።

«የሦስተኛው መጽሐፍ ቄስ አንተ ነህ።»

«እኔ አይደለሁም! ያ ስስታም ነው!»

«ስንተኛ ሳንድዊችህ ነው?»

ሚስተር ክራብትሪ ጉሮሮውን ጠራረገና መሃል ወለሉ ላይ ቆመ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ሚስስ ቲሎትሰን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ደረሰ። ፖስታው አልተገኘም። ስለዚህ እኔ ራሴ፣ በትሕትና፣ አንድ መስመር ሞክሬያለሁ።» እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። «‹ኦ አንተ ጨካኝ ባሕር፣ የወሰድከውን መለስክልኝን፣ ወይስ ልቤ ነው የሚያንኳኳው!›»

አንድ ሰው ሳንድዊች ሲያኝክ ብቻ ይሰማል።

«ሚስተር ክራብትሪ» አለች እማማ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ይሄንን ቅዳሜ መድረክ ላይ ካስነገሩ አምብሮዝ እርጥብ አፈሩን ይዞ ይመጣብዎታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መስመሯ አለች። ለዊኒ ነግሯታል።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሻይ በራዱ ከእጄ ሊወድቅ! እማማን አየኋት። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀሚሷ ላይ ያለ ፍርፋሪ ትለቅማለች። ዋሸች እንዳይባል፣ ነግሮኛል። እውነት ነው፣ ነግሮኛል!

«አንቺ!» አለ ሚስተር ክራብትሪ። «አንቺ ታውቂያታለሽ! ቀኑን ሙሉ ብስኩት ቆርቆሮ ሳስፈትሽ! ምንድን ናት? በዪ ንገሪኝ!»

«ሚስተር ክራብትሪ!» አለች እማማ። «ከቅዳሜ በፊት? እርስዎ አዘጋጅ አይደሉም እንዴ?»

ሚስተር ክራብትሪ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «እውነትዎን ነው» አለ። «አልጠየቅኩም። ማንም አልሰማኝም። እንዳልተጠየቀ ይቆጠር።» ሚስስ ራምስደን እንጨት በጣቷ ሦስቴ መታች፣ መጥፎ ዕድሉ እንዲሸሽ፣ ለማንኛውም ብላ።

ዓርብ እንደ እብድ ነው የዋልኩት። መስተዋት ፊት ቆሜ አፌን አንዴ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ትንሽ እከፍታለሁ። ምን ቃል ነው እንዲህ የሚሆነው? «ግባ» ነው? «ማነው» ነው? «አባባ» ነው? ሁሉም ልክ ይመስላል፣ ሁሉም ልክ አይመስልም። ሠላሳ ቃል ሞከርኩ። ወደ እማማ ሮጥኩ። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«እማማ፣ ምንድነው የምለው? ሰው ሁሉ ፊት? ምን ልል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «ብታውቂያትም አትንገሪኝ።»

ጫማዋን አወለቅኩላት፣ ብርድ ልብስ አለበስኳትና ወጣሁ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ ትተዋል፣ የአያቴን ባርኔጣ አስቀምጠውበት። እሱን ላለማየት ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ወደ መድረኩ ገባሁ። እንዴት እንደተጫወትኩ አላስታውስም፤ ሁለት ጊዜ መስመር ጠፍቶኛል፣ ሁለት ጊዜ እማማ ከጥግ ሹክ ብላኛለች። ድምፅዋ ደረቅና ቀጥ ያለ ነበር፣ እንደ ታይፕ። ጥቁር ልብሷን ለብሳ መጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ፣ ከኔ በስተቀር ማንም አያያትም።

እናትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። የውሸት ምድጃ፣ የውሸት መስኮት፣ እውነተኛ ማንቆርቆሪያ ከቤታችን የመጣ።

ሚስተር ክራብትሪ ከኋላ ቦት ጫማውን በሳንቃው ላይ መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ወደ በሩ ዞርኩ።

አንድም ሳል የለም። እኔ በሩን አየዋለሁ፣ እና የማየው በር አይደለም፤ ወጥ ቤታችን ነው፣ አያቴ ሳቁን ትቶ ሲያየኝ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ እየዘመርኩ ነው። ዝም በዪ፣ ዊኒ! አንዴ ዝም በዪ! ግን ያቺ ልጅ አትሰማኝም፣ ትዘላለች።

እግሬ ራሱ ሄደ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ምድጃው። ማንቆርቆሪያውን በሁለት ጣቴ ወደ እሳቱ መሃል ገፋ አደረግኩት።

አሁን መናገር አለብኝ። አሁን። ወደ ጥጉ አየሁ፣ እማማ ትርዳኝ ብዬ፣ አንዲት ቃል፣ ማንኛዋንም ቃል።

እማማ መጽሐፉን ዘግታዋለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ትልልቅ ሆኖ። ሁለቱንም ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ጠቅጥቃለች።

ከዚያ ገባኝ። ልትሰማት አትፈልግም። መስመሯ ከተነገረች እሱ ይጠፋል፣ እና አሁን ዓሣ የሚጠይቅበት ጧት የለም።

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ትንሽ ከፈትኩ። እንዳየሁት፣ ልክ እንዳየሁት። ድምፅ አላወጣሁም። በሩን እያየሁ ራሴን ነቀነቅኩ።

መጋረጃው ተዘጋ።

ከዚያ ሚስስ ራምስደን አፍንጫዋን ስትናፈጥ እንደ መለከት ጮኸች፣ ከዚያ አዳራሹ የሚፈርስ መሰለ፣ ጭብጨባ፣ ጩኸት፣ ወለል በእግር መምታት። ሚስተር ክራብትሪ ቦት ጫማውን በእጁ እንደያዘ እያለቀሰ ሮጦ መጣ። «ምን አለች? እኔ ከኋላ ሆኜ አልተሰማኝም! ምን አለች?» ይላል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየያዘ።

እኔ በክንዱ ሥር ሾልኬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። እማማ እንደዚያው ናት። በርጩማው ላይ፣ ክርኖቿ ወደ ውጭ ወጥተው፣ ጣቶቿ ጆሮዋ ውስጥ፣ ዓይኗ አሁን ተጨፍኗል። ጥፍሮቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ነው የጠቀጠቀችው።

እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እጆቿን ያዝኩ። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብዬ አወረድኳቸው።